መውጫ የሌለው ውሃ፦ የሐዋሳ ሐይቅን ከብክለት የመጠበቅ ጥረት ሲመረመር

የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ባሕር የሚወርድ መውጫ የለውም። ከምሥራቅና ከደቡብ ደጋማ ቦታዎች፣ ከወንዶ ገነት ምንጮች፣ ከእርሻ ማሳዎችና ከከተማው የጎርፍ ማውረጃ ቦዮች የሚገባው ውሃ አንድም ተንኖ ይሄዳል፣ አንድም ቀስ እያለ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። ውሃው ሲተን ግን ይዞት የመጣው ሁሉ አብሮት አይተንም፤ ደለሉ፣ ፎስፎረሱ፣ ከባድ ብረታ ብረቱና ፕላስቲኩ እዚያው ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ሐይቁን ለመታደግ የሚደረገው ጥረት ከዚህ ተፈጥሯዊ ሐቅ ጋር ምን ያህል እንደሚጣጣም ነው። የጸሐፊው አቋም ከወዲሁ ቢነገር፣ ቅስቀሳውም ሆነ ዘመቻው አብዛኛውን ጉልበቱን ያዋለው ለዓይን በሚታየው ዳርቻ ላይ ሲሆን፣ የሐይቁ ዕጣ የሚወሰነው ግን ከዳርቻው ርቆ፣ በጥቁር ውሃ ወንዝ፣ በጨለለቃ ረግረግና በተራቆቱት ኮረብታዎች ላይ ነው።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 680 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታም ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። መውጫ የሌላቸው ሐይቆች ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ይሆናሉ፤ ሻላና አብያታ ለዚህ ቅርብ ምሳሌዎች ናቸው። የሐዋሳ ሐይቅ ከዚህ ዕጣ የተረፈው ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ውሃ ከጨዉ የተወሰነውን ይዞለት ስለሚሄድ ነው ተብሎ ይታመናል። በመሆኑም ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ይራቡበታል፤ ጉማሬም አላጣም። ይህ ሚዛን ግን ሐይቁ ራሱን በራሱ ያጥባል ማለት አይደለም፤ ከግርጌው የተኛ ደለል ወይም በጭቃው ውስጥ የተከማቸ ፎስፎረስ በስርገት አይወጣምና።

ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈስ ወንዝ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቁር ውሃ ነው። ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ የሚመጣ መንገደኛ ከተማው ከመግባቱ በፊት ድልድዩን ይሻገረዋል፤ ብዙዎች ግን ኬላውን እንጂ ወንዙን ልብ አይሉትም። ጥቁር ውሃ የሚነሳው ከጨለለቃ ረግረግ ሲሆን፣ ረግረጉን የሚመግቡት ደግሞ ከወንዶ ገነት አካባቢ ተራሮች የሚወርዱ ጅረቶች ናቸው። በ1960ዎቹ ጨለለቃ ራሱን የቻለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበር፤ በካርታም ላይ እንደ ሐይቅ ይሣል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ክፍሉ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ፣ ጠርዙም እየታረሰ የሚገፋ መሬት ነው። ኮረብታዎቹ ደናቸውን ባጡ ቁጥር ጎርፉ አፈር ይዞ ወረደ፤ ጨለለቃም ያንን አፈር ሲቀበል ኖሮ በመጨረሻ ሞላ። ሲሞላ የጠፋው የውሃ ገጽታው ብቻ አይደለም። ደንገልና ቄጠማ ያለበት ረግረግ የሚያልፈውን ውሃ ያዘገያል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ናይትሮጅኑንና ፎስፎረሱን በእጽዋቱ ሥር ይይዛል። ሌላ ቦታ በብዙ ገንዘብ የሚገነባ ማጣሪያ የሚሠራውን ሥራ ጨለለቃ ያለ ክፍያ ሲሠራ ኖሯል ማለት ነው። ስለ ሐይቁ በሚደረጉ ውይይቶች ላይ ግን ስሙ እምብዛም አይነሳም።

በጥቁር ውሃ ዙሪያ ከ1980ዎቹ ወዲህ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሴራሚክ፣ የለስላሳ መጠጥና የቢራ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። በወንዙ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከፋብሪካዎች በታች የሚቀዳ ናሙና ከላይኛው ይልቅ በብክለት የከፋ መሆኑን በተለያየ ጊዜ አሳይተዋል። በፋብሪካዎቹ ላይ የተሰነዘረው ትችት መነሻ አለው፤ ሆኖም ወንዙ ፋብሪካዎቹ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ካልታወቀ፣ ከፋብሪካው በታች የተለካው ቁጥር ብቻውን የኃላፊነቱን ድርሻ አይነግርም።

ኢንዱስትሪ ፓርኩና «ዜሮ» የተባለው ማጣሪያ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከሐይቁ የሚለየው ርቀት ትንሽ መሆኑ ለብዙዎች የመጀመሪያው ሥጋት ነበር። የቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ በዘጠኝ ወር ገደማ የገነባው ይህ ፓርክ 52 የማምረቻ ሼዶችን የያዘ ሲሆን፣ ሙሉ አቅሙ ላይ ሲደርስ ለ60 ሺህ ሠራተኞች የሥራ ዕድል እንዲፈጥር ታቅዶ ነበር። የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ፓርክ በመሆኑ ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ቀለም የነከረ፣ ጨውና ኬሚካል ያዘለ ውሃ መውጫ ወደሌለው ሐይቅ ቢገባ ምን ይሆናል? መንግሥት የሰጠው መልስ በዜሮ ፈሳሽ ልቀት መርህ የሚሠራ ማጣሪያ ጣቢያ መገንባት ሲሆን፣ በሕንዱ አርቪንድ ኩባንያ የተተከለው ይህ ጣቢያ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር ፍሳሽ የማጣራት አቅም እንዳለው በወቅቱ ተገልጿል።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ «ዜሮ» በሚለው ቃል ዙሪያ ሲሽከረከር ይታያል። ከሼዶቹ በቧንቧ የሚሰበሰበው ፍሳሽ መጀመሪያ በገንዳ ውስጥ ባክቴሪያ እንዲያብላላው ይደረጋል፤ ከዚያ በደቃቅ ማጣሪያ ያልፋል፤ ቀጥሎ በከፍተኛ ግፊት ጨውን አስቀርቶ ውሃውን በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን (ሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬን) ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል። በዚህ መንገድ አብዛኛው ውሃ ጸድቶ ተመልሶ ለፋብሪካዎቹ አገልግሎት ይውላል። የሚቀረው ጥቂት ግን እጅግ ጨዋማ የሆነ ፈሳሽ በማትነኛ መሣሪያ ውሃው እንዲተን ተደርጎ ወደ ደረቅ ጨውነት ይለወጣል። እንግዲህ ዜሮ የተባለው ፈሳሹ ነው። ጨዉና ዝቃጩ ደረቅ ቆሻሻ ሆነው ይቀራሉ፤ በየቀኑ ይመረታሉ፤ የሚያርፉበት ቦታም በሚገባ ካልተዘጋጀ ዝናብ ሲመታቸው ጉዟቸው ተመልሶ ወደ ሐይቁ ነው። ስለዚህ «ፓርኩ ወደ ሐይቁ ይለቅቃል ወይስ አይለቅቅም» የሚለው የተለመደ ጥያቄ በግማሽ የቆመ ነው። ሙሉው ጥያቄ «ዝቃጩና ጨዉ የት ሄደ፣ ማን መዘነው፣ መዝገቡ የት ይገኛል» የሚል መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የኃይል ነው። ውሃ ማትነን ብዙ ኃይል ይበላል፤ ሜምብሬኑም ያለ ተከታታይ ግፊት አይሠራም። የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ ማጣሪያው በንጹሕ ኃይል ይሠራል ማለት ቢቻልም፣ መብራት ሲቆራረጥ ማጣሪያውን የሚያስቀጥለው ጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተር ደግሞ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣም ዋጋ አለው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከፓርኩ ግንባር ቀደም ባለሀብቶች አንዱ የነበረው የአሜሪካው የአልባሳት ኩባንያ ፒቪኤች ለቅቆ መውጣቱን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይም ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ተሰረዘች። ሼዶች ባዶ ሲሆኑ የሚመጣው ፍሳሽ ይቀንሳል፤ የማጣሪያው ቋሚ ወጪ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የቀሩት ጥቂቶች እንዲሸከሙት ይሆናል። ከንግድ ዕድል መሰረዝ ከሐይቅ ብክለት ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፣ መልሱ ያለው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ከፓርኩ አጥር ውጭ ያለ ነው፤ በጸሐፊው ግምት ከሦስቱ የከበደውም እሱ ነው። ፓርኩ ለፍሳሹ ማጣሪያ ሲኖረው፣ ለሠራተኞቹ ግን በቂ መኖሪያ አልነበረውም። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በሦስትና በአራት እየሆኑ በከተማው ዳር ዳር በሚገኙ ጠባብ የኪራይ ክፍሎች ተጠጉ። ሐዋሳ ደግሞ ቤቶቹን ሁሉ የሚያገናኝ የፍሳሽ መስመር የላትም፤ ነዋሪው የሚጠቀመው በጉድጓድ ሽንት ቤት ነው፤ ጉድጓዱ ሲሞላም መጣጭ መኪና ይጠራል፣ ወይም አይጠራም። በከተማው አንዳንድ ክፍሎች የከርሰ ምድር ውሃ ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው፤ የሐይቁ ዳርቻም ሩቅ አይደለም። በፈረቃ ሰዓት በር ላይ የሚወጣው የሰው ጎርፍ ምሽቱን የሚያርፈው ዜሮ ልቀት በሌለበት ሰፈር ውስጥ ነው። የፓርኩ የአካባቢ ተጽዕኖ ስሌት በአጥሩ ላይ ያቆመ መሆኑ ከጉዳዩ ትልቁ ክፍተት ይመስለኛል።

ዘመቻውና የማይታየው ደለል

በሐዋሳ ለሐይቁ የሚቆረቆር ሰው ብዙ ነው። ተማሪዎች፣ የጀልባ ማኅበራት፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ የሆቴል ባለቤቶች፣ የቤተ እምነት ወጣቶችና የመንግሥት ሠራተኞች በየጊዜው ወጥተው ዳርቻውን ያጸዳሉ። ፍቅር ሐይቅ በተባለው የዳርቻው ክፍል በኩል በአንድ ማለዳ ዘመቻ የሚሰበሰበው የሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል ቁልል ሲታይ ሥራው ተሠራ ያሰኛል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክለውን አዋጅ ማጽደቁም ለእነዚህ ወገኖች ትልቅ ድጋፍ ነው።

ሆኖም ለዓይን የሚታየው ቆሻሻ ከችግሩ ትንሹ ክፍል ነው። የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የውሃ ተቋምና የጀርመኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጂአይዜድ ከአካባቢው ተቋማት ጋር «ከምንጭ እስከ ባሕር» የተባለውን የአሠራር ዘዴ በሐዋሳ ሐይቅ ንዑስ ተፋሰስ ላይ ሲሞክሩ፣ ትኩረት ከሰጧቸው ነገሮች መካከል ደለልና ፕላስቲክ ይገኙበታል። ዘዴው የተነደፈው ከተራራ ተነስቶ ውቅያኖስ የሚደርስን ብክለት ለመከታተል ነው። ሐዋሳ ላይ ባሕሩ ሐይቁ ራሱ ነው፤ የጉዞው መጨረሻ ከጉዞው መጀመሪያ በዓይን የሚታይበት ቦታ በመሆኑም ዘዴውን ለመፈተን የተመቸ ነው። ከሁለቱ ነገሮች መካከል ግን በዘመቻ ሊለቀም የሚችለው ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ደለል የሚቆመው ቦረቦር በክትር ሲያዝ፣ ተዳፋት ላይ እርከን ሲሠራ፣ ከብት ከተከለለ መሬት ሲወጣ ነው፤ ይህ ደግሞ የገበሬውን ማሳና የግጦሽ መሬት ይነካል፤ ገበሬው ለከተማው ሐይቅ ሲል የሚተወውን መሬት ማን ይክሰው የሚለውን ጥያቄም ያስከትላል። በእኔ እምነት ቅስቀሳው እስካሁን ይህን ጥያቄ በግልጽ አላነሳም፤ ምክንያቱም ማንንም የማያስቀይመው ዘመቻ ዳርቻ ማጽዳት ነው።

ደለሉ የሚያስከትለውን ሐዋሳ አይታዋለች። በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው ሲገፋ የከተማዋ ዳር በጎርፍ ተቸግሮ ነበር። ዛሬ ነዋሪው አመሻሽ ላይ የሚንሸራሸርበት የሐይቅ ዳር መንገድ ያረፈበት ግድብ የተሠራው ውሃውን ለመመከት ነው፤ ለእግር ጉዞ የዋለው በኋላ ነው። የዚያን ጊዜው ከፍታ በከፊል የከባድ ዝናብ ውጤት ቢሆንም፣ ከተራቆተ መሬት በፍጥነት የሚወርድ ጎርፍና የደለል ክምችትም ድርሻ እንዳላቸው ይነገራል።

ከከተማው የሚወርዱት ቦዮች በአጭሩ ሊጠቀሱ ይገባል። ላቫጆዎች፣ የባጃጅና የመኪና ጋራዦች የተቃጠለ ዘይትና ሳሙና ወደ ቦይ ሲለቁ፣ ቦዩ የሚያበቃው ሐይቅ ነው። አንዳንዱ ሾፌርም ባጃጁን እዚያው ውሃው ዳር አቁሞ ያጥባል። የሕዝብ ትራንስፖርቱ በአብዛኛው በባጃጅ ላይ በመመሥረቱ ይህ ቀላል አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉና የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች መበራከት የሞተር ዘይትን ጉዳይ በጊዜ ሂደት ያቃልለው ይሆናል፤ እጥበቱን ግን አያስቀረውም። ለእሱ የሚያስፈልገው ከውሃው የራቀ፣ ዘይት መለያ ጉድጓድ ያለው የእጥበት ቦታ ነው፤ ይህም ከሌሎቹ መፍትሔዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

አሞራ ገደል ላይ ያለው አጣብቂኝ

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ማለዳ ላይ የእንጨት ጀልባዎች ሲደርሱ፣ መረቡ ተዘርግፎ ቆሮሶው በአንድ በኩል፣ አምባዛው በሌላ በኩል ይለያል። ቢላ የያዙ ልጆች ቆዳውን ገፍፈው ሥጋውን ይፈልጣሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ሆድ ዕቃው እስኪወረወርላቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላው ደንበኛም፣ ጥብስና ሾርባ የሚያዘውም እዚያው ተቀምጧል። በዚህ ቦታ ላይ ስለ ብክለት ጮክ ብሎ መናገር ለአስጋሪው በራሱ ላይ እንደመፍረድ ነው፤ «ዓሣው ተበክሏል» የሚል ወሬ በአንድ ቀን የገበያውን ዋጋ ሊሰብር ይችላልና።

ጥናቶች የሚሉት ግን ከወሬው ይልቅ የተብራራ ነው። በሐይቁ ዓሦች ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ የለኩ ተመራማሪዎች በቢልጫ፣ በተለይም በትልልቆቹ ላይ፣ ከፍ ያለ መጠን ሲያገኙ፣ አልጌ በሚመገበው ቆሮሶ ላይ ያገኙት ዝቅተኛ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሜርኩሪ በምግብ ሰንሰለቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየተከማቸ ስለሚሄድ ነው፤ ሌላ ዓሣ የሚበላ፣ ዕድሜውም የገፋ ዓሣ የበለጠ ይይዛል። የሜርኩሪው ምንጭ ፋብሪካ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም፤ አካባቢው የእሳተ ገሞራ ምድር ነውና ተፈጥሯዊ ምንጭ ሊኖረው ይችላል። ይህ ዝርዝር ለአስጋሪው ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው። ገበያው በብዛት የሚሸጠው ቆሮሶ መሆኑን ያየ ሰው፣ ትክክለኛው መረጃ በግልጽ ቢነገር የሚጎዳው ወሬው እንጂ አስጋሪው እንዳልሆነ ይረዳል። መረጃው በምርምር መጽሔቶች ውስጥ ተዘግቶ እስከቀረ ድረስ ግን ወሬው ብቻ ነው የሚሰማው።

ሕጉ የሚሰጠው መብት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚህ በበለጠ ለተግባር የሚቀርበው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በአንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የግምገማ ሪፖርት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። ለዘመቻ መቶ ሰው ከማሰባሰብ ይልቅ ቀን የተጻፈበትና ማስረጃ የተያያዘበት አንድ አቤቱታ ይበልጥ የሚያስገድድበት አጋጣሚ እንዳለ ብዙው ተቆርቋሪ ልብ ያለው አይመስልም።

አቤቱታው ግን ለማን ይቅረብ? ሐይቁ የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች የሚዋሰኑበት ነው፤ ከተፋሰሱ ከፊሉ ኦሮሚያ ውስጥ ይገኛል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ ሐዋሳም የአዲሱ ክልል መዲና ሆነች፤ የቁጥጥር ሥልጣኑም ከቀድሞው የደቡብ ክልል ወደ አዲስ ቢሮ ተዛወረ። ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ የተቋቋመው የፌዴራል መሥሪያ ቤት መቀመጫው ሐዋሳ ቢሆንም፣ ቦረቦሩ ያለበት ወረዳ፣ ፋብሪካው ያለበት ከተማና ገበሬው ያለበት ክልል እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አለቃ አላቸው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ አንዱ ለሌላው ሲያስተላልፍ ጊዜ ይሄዳል፤ ደለሉም ሲወርድ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቀጣዩ የቅስቀሳ ጥያቄ አንድ ቢሆን ይመረጣል፤ እሱም ልኬት በይፋ ይውጣ የሚል ነው። ጨለለቃ መግቢያ ላይ፣ ጥቁር ውሃ ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች፣ እንዲሁም ዋና ዋናዎቹ የከተማ ቦዮች ሐይቁን በሚነኩበት ቦታ ናሙና በየወሩ ይወሰድ፤ የደለል፣ የፎስፎረስና የናይትሮጅን መጠኑ ተጽፎ በአማርኛና በሲዳምኛ በአሞራ ገደልና በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያም ሆነ ቤተ ሙከራ የለኝም አይልም። ወጪውም ለፓርኩ ማጣሪያ ከወጣው ጋር አይወዳደርም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ናሙናው በበጋ ብቻ ከተወሰደ ጥቁር ውሃ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አብዛኛው ደለልና በየቦዩ ሲጠራቀም የከረመው ቆሻሻ ሐይቁ የሚገባው በበልግ የመጀመሪያዎቹ ኃይለኛ ዝናቦች፣ አንዳንዴም በአንድ ምሽት ነው። ስለዚህ ከወርሃዊው በተጨማሪ ዝናቡ በጣለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ናሙና የሚወስድ ሰው በድልድዩ አጠገብ መመደብ ይኖርበታል፤ ለዚህም ከዩኒቨርሲቲ ከሚመጣ ባለሙያ ይልቅ እዚያው ሰፈር የሚኖር፣ ጠርሙስ መሙላትና ሰዓት መመዝገብ የሠለጠነ ወጣት ይበልጥ ይመቻል።